ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ውሃ ተርብ ለእህቴ ልጅ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ሐይቁ ዳር ሸንበቆ ጫፍ ላይ የሚያርፈውን ቀይ የውሃ ተርብ «ስሙን ብቻ ንገረኝ» ብለሽኛል። ስሙን በአንድ መስመር ጽፌ መገላገል እችል ነበር። ግን ስም ብቻ ካቀበልኩሽ ነገ ሌላ ቀይ ስታዪ ያንኑ ስም ትለጥፊበታለሽ። ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ ደግሞ ይህን አይቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ስሙንም እነግርሻለሁ፣ ራስሽ የምትደርሺበትንም መንገድ።

አንቺ ያየሽው በሳይንሱ ክሮኮቴሚስ ኤሪትሬያ የሚባለው ይመስለኛል። ብሩሌ የተባለ ፈረንሳዊ የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1832 ከግሪክ በተገኘ ናሙና ነው ለሳይንስ ያስተዋወቀው፤ አገሩ ግን አፍሪካን፣ ደቡብ አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን ሁሉ ያካልላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ «ቀዩ» እለዋለሁ። «ይመስለኛል» ማለቴን ልብ በይ፤ ለምን እንዲያ እንዳልኩ ሦስተኛው ምክር ላይ ትደርሺበታለሽ።

1. ተርብ ስለተባለ አትሽሺው። መርዝም መንደፊያም የለውም። ረጅም ጅራቱን ሲያጥፍ ሊወጋ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ያ ጅራት የምንለው ግን ሆዱ ነው። ከፊት ወደ ኋላ ብትቆጥሪው አሥር ክፍል አለው፤ መቁጠሩን ልመጂ፣ በኋላ ይጠቅምሻል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሲያርፍ አራቱን ክንፎቹን ወደ ጎን ዘርግቶ የሚቀመጠውን ነው የምንፈልገው። ክንፉን ጀርባው ላይ ገጥሞ የሚያርፈው ቀጭኑ ዘመዱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለጊዜው ተዪው።

2. ቀለሙን መጨረሻ ላይ እዪው። ከምክሬ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የደረሰው ወንድ ከፊቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ እንደ ዛላ በርበሬ ቀይ ነው። ዓይኑም፣ ደረቱም፣ ሆዱም ቀይ። ታዲያ እንዲህ ያለው እንዴት ያሳስታል ትይኝ ይሆናል። የሚያሳስተው ቀይነቱ የዕድሜ ነገር ስለሆነ ነው። ከውሃ ወጥቶ ክንፉ ገና የደረቀለት ወንድ ቢጫ ነው፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ፤ በቀለም ከሴቷ አይለይም። ቀናት ሲያልፉ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀላል። አንድ ጠዋት አንድ ኩሬ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ደማቅ ቀይ አየሽ እንበል፤ ሦስት ዝርያ አገኘሁ ብለሽ እንዳትጽፊ። የአንድ ቤት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

መቅላቱ እንዴት እንደሚመጣ የጃፓን ተመራማሪዎች፣ ሪዮ ፉታሃሺና ባልደረቦቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመውታል። የሠሩት እስያ ውስጥ በሚኖረው የቀዩ የቅርብ ዘመድ፣ በክሮኮቴሚስ ሰርቪሊያ፣ እንዲሁም በሌሎች ቀያይ የውሃ ተርቦች ላይ ነው። ኦሞክሮም የሚባሉት ቀለሞች ቢጫ በሆነው ገላ ውስጥም አሉ፤ ኤሌክትሮን ሲቀበሉ፣ ማለትም ሪዳክሽን ሲካሄድባቸው፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ይዞራሉ። ተመራማሪዎቹ ገና ቢጫ የሆኑትን ቫይታሚን ሲ ወጓቸው፣ ቀሉ። ቫይታሚን ሲ ኤሌክትሮን ሰጪ መሆኑን የኬሚስትሪ መምህርሽ ይነግርሻል፤ ካልነገረሽ ጠይቂው። ለእኔ ከዚህ ጥናት የሚገርመኝ፣ ጎልማሳው ወንድ አዲስ ልብስ አለመግዛቱ ነው። የነበረውን ነው ያቀላው።

በዚህ ላይ ብርሃኑ አለ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቡናማው ሁሉ ይቀላል። የስልክ ካሜራ ደግሞ ደማቅ ቀይን አጋንኖ በውስጡ ያለውን ዝርዝር ያጠፋዋል፤ የሆዱ ክፍሎች ተደባልቀው አንድ ቀይ እንጨት ብቻ ይቀርሻል። ስለዚህ ቀይ መሆኑን ካየሽ በኋላ መለየቱን ገና ልትጀምሪው ነው።

3. እግሩን እዪ። የላክሽልኝ ፎቶ ያምራል። ከላይ ወደ ታች ተነሥቷል፣ ክንፎቹ ተዘርግተዋል፣ ግን እግር የሚባል ነገር አይታይበትም። «ይመስለኛል» ያልኩሽ ለዚህ ነው።

የደረሰው ቀይ ወንድ እግሮቹም ቀያይ ናቸው፤ በወጣቱና በሴቷ ቢጫማ ቡናማ። ጥቁር ግን አይደሉም። ትሪቴሚስ የሚባሉት ዘመዶቹ በአንጻሩ ቀይ ገላቸውን በጥቁር እግር ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ቀይ ገላ በጥቁር እግር ካየሽ ቀዩን እርሺው፣ ሌላ ስም ፈልጊ። ጥቁር እግር እንደ ገላው ቀለሙን እየቀየረ አያንገላታሽም፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ችግሩ እግሮቹ ከደረቱ ሥር ተሰብስበው ሸንበቆውን ስለሚይዙ ከላይ አለመታየታቸው ነው። ወደ ጎን ዞረሽ፣ ከተቻለም ጎንበስ ብለሽ አንሺው።

4. ከእግሩ ቀጥሎ የክንፉን ሥር። የኋላ ክንፉ ከደረቱ ጋር በሚገናኝበት ላይ የማር ቀለም ያለው ቦታ አለ፤ ወንዱም ሴቷም አላቸው። የቀረው ክንፍ ጥርት ያለ ነው። የክንፉን ጅማቶች ብታዪ አብዛኞቹ ጠቆር ይላሉ፣ በወንዱ ፊተኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ብቻ ይቀላሉ። ይህን አስምሪበት፤ ጅማቱ በሙሉ ቀይ የሆነ ክንፍ ወደ ሌሎቹ ነው የሚወስድሽ። በእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ አጠገብ ያለችው ትንሽ ምልክት ቢጫ ናት።

የሆዱን ቅርጽ ደግሞ ከላይ እዪው። የቀዩ ሆድ ሰፋ ብሎ የተዳመጠ ነው፣ ወደ ጫፉ ብቻ ይጠባል። የጠቅላላ ርዝመቱ ከ33 እስከ 44 ሚሊሜትር ነው። እኔ በርዝመት ብዙም አልተማመንም፣ ሸንበቆ ላይ ማስመሪያ ይዞ የሚጠብቅሽ የለም። የሆዱ ስፋት ግን ከሩቅም ያስታውቃል።

5. ዘመዶቹን በስም እወቂያቸው፤ ሳያውቁ «ይሄ አይደለም» ማለት አይቻልምና።

ከሁሉ በላይ የሚያደናግርሽ ትሪቴሚስ አርቴሪዮሳ ነው። ቀይ ነው፣ ግን ሆዱ ቀጭን ነው፣ ከሆዱ ጫፍ በግራና በቀኝ ጥቁር ምልክት አለው፣ የክንፉ ጅማቶች ደማቅ ቀይ ናቸው፣ እግሩ ጥቁር። ከቆመ ውሃም ከሚፈስስም አይቀርም፤ በረሃ ውስጥ እንኳ ውሃ ካገኘ አለ።

ሁለተኛው ትሪቴሚስ አኑላታ ነው፤ ልብሽን የሚሰርቀው እሱ እንደሚሆን ከአሁኑ አውቃለሁ። የደረሰው ወንድ ሐምራዊ ነው፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ሐምራዊ፣ በአገራችን ውሃ ዳር ከሚበርሩት መካከል እሱን የሚያህል ቀለም የለበሰ አላውቅም። ከሥር ያለው ገላ ቀይ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ ሰማያዊ ዱቄት መሳይ ሰም ከላዩ ይወጣበታል፣ ሁለቱ ተደራርበው ለዓይናችን ሐምራዊ ይሆናሉ። ሰሙ ከተፋቀ ከሥሩ ያለው ቀይ ብቅ ይላል፤ እኩሉ ሐምራዊ እኩሉ ቀይ የሆነ ካየሽ አትደናገጪ። የክንፉ ጅማት ቀይ፣ የኋላ ክንፉ ሥር ያለው የማር ቀለም ሰፊ፣ የመጨረሻዎቹ የሆድ ክፍሎች ላይ ጥቁር ምልክት፣ እግሩ ጥቁር። አሥሩን ክፍል መቁጠር የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ጥቁሩ ከስምንተኛው እንደሚጀምር ታዪበታለሽ። ሰሙ ገና ያልወጣለት ወጣት ወንድ ደግሞ ቀይ ብቻ ስለሆነ፣ ከቀዩ የሚለይሽ ያው እግሩና ጅማቱ ነው።

ትሪቴሚስ ኪርቢ ብርቱካናማ ቀይ ነው፤ ክንፎቹ ላይ ያለው ብርቱካናማ ቦታ በጣም ሰፊ ስለሆነ ሲበርር ሳይቀር ይታያል። ራቁት ድንጋይ ይወዳል፣ የመዋኛ ገንዳ ጠርዝም አይጠላም።

ወደ ደጋ ስትወጪ ሲምፔትረም ፎንስኮሎምቢ ይጠብቅሻል። እሱም ቀይ ገላና ቀይ ጅማት አለው፤ የዓይኑ የታችኛው ግማሽ ግን ግራጫማ ሰማያዊ ነው፣ ጥቁር እግሩ ላይም ቢጫ መስመር አለ።

የቀዩ የራሱ ታናሽ የሚመስለው ክሮኮቴሚስ ሳንጉዊኖሌንታም አለ። ከእሱ ያንሳል፣ እጅ ላይ ሳይያዝ መለየቱ ግን አስቸጋሪ ነው። ከተጠራጠርሽ «ክሮኮቴሚስ» ብለሽ እዚያው አቁሚ። የወገኑን ስም ብቻ ጽፎ ማቆም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሚያሳፍረው በግምት ሙሉ ስም መስጠት ነው።

6. ሴቷን አትዝለያት። ሁሉም ሰው የሚያነሣው ወንዱን ነው፤ የሴቷን ፎቶ ያየ ሰው ደግሞ «ይህቺ ደግሞ ምንድናት?» ይላል። ቢጫማ ቡናማ ናት፤ በክንፎቿ መካከል ጀርባዋ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለ። ከጎን ስታዪያት ከሆዷ መጨረሻ በታች፣ ስምንተኛው ክፍል ላይ፣ ወደ ታች ቀጥ ብላ የወጣች ትንሽ ቅርፊት ታያለሽ፤ እንቁላል ስትጥል የምትጠቀምባት ናት፣ ጥሩ መለያም ናት። አንዳንድ ሴቶች ሲያረጁ ይቀላሉ፣ ያኔ «ወንድ ነው» ከማለትሽ በፊት ቅርፊቷን ፈልጊ።

ሲገናኙ በአየር ላይ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ ያበቃል፣ ካሜራሽን እስክታነሺ አይጠብቁሽም። ከዚያ እሷ ብቻዋን ውሃውን በሆዷ ጫፍ እየነካካች እንቁላሏን ትጥላለች፤ እሱ ከላይ ሆኖ ሌላ ወንድ እንዳይደርስባት ይጠብቃል። ጥሩ ፎቶ የሚገኘው ያኔ ነው፣ ሁለቱም ስለሚጠመዱ።

7. ሰዓቱን እወቂ። ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ አትድከሚ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ በደንብ ስትወጣ ሂጂ፤ ደመና ከሸፈነ ቡናሽን ጠጪ። ቀዩ ቦታውን የሚያስከብር ነው። ከሸንበቆው ተነሥቶ ሌላ ወንድ ያባርራል፣ ትንኝ ይይዛል፣ ተመልሶ እዚያው ጫፍ ላይ ያርፋል። እንግዲህ አታሳድጂው። ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብለሽ ቁጭ በይና የተነሣበትን ጫፍ አነጣጥረሽ ጠብቂ። ጥላሽ ካረፈበት ግን አለቀ፣ ይነሣል።

እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ፀሐይ ያቆማል። ሳይንቲስቶች የሐውልት አቋም ይሉታል፤ እንደዚያ ሲሆን ጨረሩ የሚያርፍበት የገላው ክፍል ያንሳል፣ ሙቀቱም ይቀንስለታል። ክንፍን ወደ ፊትና ወደ ታች ዘንበል አድርጎ መቀመጥ የትሪቴሚሶች ጠባይ ነው፤ ግን ቀዩም አልፎ አልፎ ስለሚያደርገው ለመለያ አትመኪበት።

ዳርቻውን ስትራመጂ ደግሞ ከእግርሽ አጠገብ ዝቅ ብለው እየበረሩ የሚከተሉሽ፣ ክንፋቸው ላይ ሰፊ ጥቁር መቀነት ያለባቸው ካጋጠሙሽ ብራኪቴሚስ ናቸው። አንቺን አይደለም የሚፈልጉት፤ በእግርሽ ተነሥተው የሚበሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ከብት ተከትለውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከምክሩ ጋር አይገናኝም፣ ግን ሳልነግርሽ ባልፍ ይቆጨኛል።

8. ውሃው ውስጥ አትግቢ። ይህ የአጎት ቃል ነው፣ የመምህር አይደለም። ሐይቁ ቢልሃርዝያ አለበት፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ያሉት ደግሞ አንቺ ልትገቢ የምትፈልጊበት ሸንበቆና ቄጠማ ሥር ነው። ጉማሬም አለ። አንድ ፎቶ የአንቺን ጤና አያህልም።

ከደረቅ መሬት ሆነሽ የምትሠሪው ጥሩ ሥራ ግን አለ። ከውሃው ጠርዝ በወጡ ግንዶች ላይ ባዶ ቡናማ ቆዳ ፈልጊ። እጩ የሚያድገው ውሃ ውስጥ ነው፤ የታችኛውን ከንፈሩን ድንገት ወደ ፊት ወርውሮ ያደነውን ይይዛል፣ የሚተነፍሰው ፊንጢጣው ውስጥ ባለ ስንጥብ ነው፣ ሲደነግጥ ደግሞ ውሃውን በዚያው በኃይል ገፍቶ ወደ ፊት ይወነጨፋል። ሲደርስ ግንድ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰንጥቆ ይወጣና ቆዳውን ጥሎ ይሄዳል። ክንፍ ያለው መንገደኛ ሊሆን ይችላል፤ የተጣለ ቆዳ ግን ዝርያው እዚያው ውሃ ውስጥ እንደሚራባ ማስረጃ ነው። በአሮጌ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ጥጥ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ቀኑንና ቦታውን ላዩ ላይ ጻፊ።

9. «የውሃ ተርብ ካለ ውሃው ንጹሕ ነው» የሚሉሽን አትስሚ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለው ተረት ለቀዩ አይሠራም። እሱ የቆመ፣ ፀሐይ የሚመታው፣ አልጌ የበዛበት ኩሬ ይስማማዋል፤ የከብት ማጠጫም ይበቃዋል። እንዲያውም አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ቀድሞ በአውሮፓ ከሜዲትራኒያን ዙሪያ ብዙም የማይርቀው ይህ የውሃ ተርብ ወደ ሰሜን አውሮፓ ተስፋፍቷል፤ እንግሊዝ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ትሪቴሚስ ኪርቢም እ.ኤ.አ. በ2007 ስፔን ገብቷል። ጀርመን ያለው የአክስትሽ ልጅ በበጋቸው፣ በሰኔና በሐምሌ፣ ኩሬ ዳር ቢወጣ ያንኑ የአንቺን ቀይ ሊያየው ይችላል።

የውሃ ንጽሕና የሚያሳስብሽ ከሆነ ቀዩን ተዪና ደጋ ለደጋ የሚፈስሱትን ጅረቶች ተመልከቺ። ኦርቴትረም ክሪስተንሴኒ የሚባለው፣ ሪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1911 የመዘገበው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። እንደ ቀዩ ዓለምን አልዞረም፤ የሚኖርበት ጨፌ ከታረሰ ወይም ከደረቀ የሚሰደድበት የለውም። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ስትመርጪ ይሄን አስቢው። ማስገደዴ አይደለም፣ ማስታወሴ ነው።

10. ስልክሽ ላይ ፎቶ አይቶ ስም የሚሰጥ አፕ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተጠቀሚበት፣ ግን እንደ ጎረቤት አስተያየት ቁጠሪው። ቀይ ካየ የሚበዛውን ቀይ ስም ነው የሚመልስልሽ፣ ከላይ የተነሣ ፎቶ ከሰጠሽው እግሩን እሱም አላየውም። መጀመሪያ በደብተርሽ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የውሃው ዓይነት፣ የእግሩ ቀለም፣ የጅማቱ ቀለም፣ የሆዱ ቅርጽ፣ የጫፉ ጥቁር መኖር አለመኖር ጻፊ፤ ገላው ቀይ ነው የሚለውን ከፈለግሽ ከሥር አድርጊው። ከዚያ አፑን ጠይቂ። ከተለያያችሁ ለእኔ ላኪልኝ፣ እከራከርልሻለሁ።

ባይኖኩላሬን ለእናትሽ ሰጥቻታለሁ፤ ከጥምቀት በፊት ሐዋሳ የሚመጣ ሰው አለ፣ ያመጣልሻል። አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ማሰሪያ አርጅቷል፣ ሐይቅ ዳር ከመውጣትሽ በፊት ገበያ ወስደሽ አስቀይሪው።